«ድነሃል» ከተባለ በኋላ ያለው ሃምሳ ዓመት

«ድነሃል» ትልቅ ቃል ናት። ችግሩ ተናጋሪውና ሰሚው የሚረዱት ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። ሐኪሙ እንዲህ ሲል «ዕጢው ጠፍቷል፣ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉም በጣም ጠብቧል» ማለቱ ነው። የሃያ ስድስት ዓመቱ ወጣት የሚሰማው ግን «ከእንግዲህ ከሆስፒታል ጋር ጉዳይ የለህም» የሚለውን ነው። ቤተሰቡም የሚሰማው ይህንኑ ነው። ስለት ይገባል፣ ዘመድ ተሰብስቦ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ይላል፣ የሕክምናው ወረቀት ከነፌስታሉ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

የዘር ፍሬ ካንሰር ይህ አለመግባባት ጎልቶ የሚታይበት በሽታ ነው። በሽታው በአብዛኛው የሚይዘው ከ15 እስከ 40 ዓመት ያሉ ወንዶችን ነው፤ ሕክምናውም በደንብ ይሠራል። ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ከታማሚዎቹ 95 በመቶ ገደማው ይድናል። ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨበት ሰው እንኳ ብዙውን ጊዜ ይድናል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከካንሰር ሲድን ከፊቱ የሚጠብቀው አሥር፣ ቢበዛ ሃያ ዓመት ነው። ከዚህ በሽታ የሚድን ወጣት ግን ሃምሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። ሃምሳ ዓመት ደግሞ መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ለተወው ነገር ሰፊ የሥራ ጊዜ ነው።

ስለዚህ መዳኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ከዳነ በኋላ የማን ታካሚ እንደሆነ ነው። በብዙ አገር መልሱ «የማንም» ነው። የካንሰር ክፍሉ አምስት ዓመት ግፋ ቢል አሥር ዓመት አይቶ ያሰናብተዋል። የሠፈሩ ጤና ጣቢያ ደግሞ ምን እንደተደረገለት አያውቅም። ጣጣው መምጣት የሚጀምረው ግን ብዙውን ጊዜ ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ችግሩ የድል ልጅ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተሰራጨ የዘር ፍሬ ካንሰር የያዘው ወጣት የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነበር። ለውጡን ያመጣው ቀለበት የሚሠራበት ማዕድን ነው፤ ፕላቲነም። በ1965 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ ተመራማሪ ባክቴሪያ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቁመው እንደ ክር ረዘሙ። ያስቆማቸው ኤሌክትሪኩ አልነበረም፤ ከፕላቲነሙ ዘንግ እየተሸረፈ ፈሳሹ ውስጥ የገባው ውሕድ ነበር። መከፋፈልን የሚያስቆም ነገር ደግሞ ለካንሰር መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ሲስፕላቲን የተገኘው እንዲህ ነው። በ1974 የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ላውረንስ አይንሆርን ሲስፕላቲንን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር አዋሕዶ መስጠት ጀመረ። መጀመሪያ ከዳኑት መካከል ጆን ክሌላንድ የተባለ፣ ሌላው ሕክምና ሁሉ ያቃተው ተማሪ ይገኝበታል። ክሌላንድ ተርፎ የባዮሎጂ መምህር ሆነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሞት ፍርድ የነበረው በሽታ በአብዛኛው የሚድን በሽታ ሆነ። በካንሰር ሕክምና ታሪክ ይህን ያህል ፈጣን ለውጥ የታየባቸው በሽታዎች ጥቂት ናቸው።

ነገር ግን ፕላቲነም ከባድ ብረት ነው። ከገባ በኋላ ቶሎ ተጠራርጎ አይወጣም። የሆላንድ ተመራማሪዎች በ2000 ዓ.ም. «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ሲስፕላቲን ወስደው የዳኑ ወንዶች ደም ውስጥ ከሃያ ዓመት በኋላም ፕላቲነም አግኝተዋል። መጠኑ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም አለ። ልጅ ወልዶ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ፣ ፀጉሩ መሸበት ሲጀምር ያ መድኃኒት ገና ከደሙ አልወጣም።

ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ጆሮ ነው። ሲስፕላቲን በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት ይገድላል፤ እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በሲስፕላቲን የዳኑ ወንዶችን የሚከታተል አንድ ትልቅ ጥናት በ2016 ባወጣው ውጤት፣ ከተመረመሩት 488 ወንዶች 80 በመቶው የተወሰነ የመስማት ጉድለት ተገኝቶባቸዋል። 18 በመቶ በሚሆኑት ላይ ጉድለቱ ከባድ ነበር። 40 በመቶው ጆሯቸው ውስጥ ይጮኽባቸዋል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። ስለዚህ ሰውየው አይደነቁርም፤ ሰው ሲናገር ይሰማል፣ የተባለውን ግን ይስታል። «ሰማ»ን ከ«ሸማ» የሚለዩት እነዚያው ቀጫጭን ድምፆች ናቸውና። ጸጥ ባለ ክፍል ደህና ነው። ለቅሶ ቤት፣ ካፌ፣ ታክሲ ውስጥ ሲሆን ግን ነገሩ ይደበላለቅበታል። ሚስቱ «ሳወራው ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ትላለች፤ አለቃው «ትኩረት የለውም» ይላል፤ እሱም ቀስ በቀስ ሰው ከበዛበት ቦታ ይሸሻል። ከስምንት ዓመት በፊት የወሰደው መድኃኒት ትዝ የሚለው የለም፤ እሱንም ጨምሮ።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ አንባቢ በተለይ የሚጠቅም ነገር አለ። ጀንታማይሲን በየጤና ጣቢያው የሚገኝ፣ ርካሽ፣ ብዙ ሕይወት ያተረፈ መርፌ ነው። ጆሮንና ኩላሊትን የመጉዳት ጠባይ ግን አለው። ሲስፕላቲንም በዋናነት የሚያገኛቸው እነዚህኑ ሁለቱን ነው። ሲስፕላቲን ወስዶ የዳነ ሰው ከዓመታት በኋላ ኢንፌክሽን ይዞት አንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ቢሄድና ጤና መኮንኑ ጀንታማይሲን ቢያዝለት፣ ጤና መኮንኑ ምንም አላጠፋም፤ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። አማራጭ መድኃኒት ካለ ያንን ለመስጠት፣ ከሌለም መጠኑን ለማስላትና ኩላሊትን ለማየት የሚያስፈልገው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ዐረፍተ ነገር ቁም ሣጥን ላይ ባለው ፌስታል ውስጥ ቀርቷል። ለጥርስም ለወገብም የሚዋጠው ዳይክሎፌናክም የተጎዳ ኩላሊት ላለው ሰው እንዲሁ ነው፤ ከረሜላ አይደለም።

የሳንባው ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። ከሲስፕላቲን ጋር የሚሰጠው ብሊዮማይሲን አንዳንድ ሰው ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል። በዚህ ምክንያት ብሊዮማይሲን የወሰደ ሰው ሌላ ጊዜ ለቀዶ ሕክምና ሲገባ ሰመመን ሰጪው ባለሙያ ይህን ማወቅ አለበት፤ ኦክስጅን አሰጣጡ ላይ ጥንቃቄ ሊወስድ ይችላልና። ትርፍ አንጀት ለማስወጣት በሌሊት የገባ ሰው «ከአሥር ዓመት በፊት ካንሰር ነበረብኝ» ማለት ላያስታውስ ይችላል። ቢያስታውስም የመድኃኒቱን ስም አያውቀውም፤ «ቀይ ነበር መሰለኝ፣ ነጭም ነበረው» ይላል።

የብስክሌት ተወዳዳሪው ላንስ አርምስትሮንግ በ1996፣ በ25 ዓመቱ በዚሁ በሽታ ተይዞ ነበር፤ ሳንባው፣ ሆዱና አንጎሉ ድረስ ተሰራጭቶ። በኋላ በአበረታች መድኃኒት ቅሌት ድሎቹን መነጠቁ ሌላ ወሬ ነው። እዚህ የሚጠቅመው ሕክምናው ነው። ሐኪሞቹ የብስክሌት ሰው ሳንባ እንዳይጎዳ ብለው ብሊዮማይሲንን በሌላ መድኃኒት ተኩለት። ኬሞ ከመጀመሩ በፊትም ዘሩን አስቀመጠ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ልጆቹ የተወለዱት በዚያ ነው። ማለትም ስለ በኋላው ኑሮ ሕክምናው ሳይጀመር ማሰብ ይቻላል፤ ያኔም ተችሏል። የዓለም ሻምፒዮን ሳንባ ታሰበለት። የበገና ደርዳሪ ጣትስ? ሞተር እያዳመጠ ብልሽቱን የሚለይ የመካኒክ ጆሮስ? «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይፈጅም።

ጣት ከተነሣ፣ የእጅና የእግር ጣት መደንዘዝም ከተለመዱት ቅሪቶች አንዱ ነው። አንዳንዱ ብርድ ሲነካው ጣቶቹ ነጭ ሆነው ይቀራሉ፤ ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ይህ ዓመቱን ሙሉ አብሮት የሚኖር ነገር ነው። ሰው እየለመደው ይሄዳል። ከእነዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ምንም ሳይሰማ የሚመጣው ነው።

ይኸውም የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ኖርዌይ ይህ በሽታ በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ የታከሙትንም ለአሥርት ዓመታት ተከታትላለች። በ2010 የወጣ የኖርዌይ ጥናት ከ1980 እስከ 1994 የታከሙ ወንዶችን ከ19 ዓመት ገደማ በኋላ ሲመለከት፣ ብሊዮማይሲን፣ ኢቶፖሳይድና ሲስፕላቲን የተሰጣቸው ሰዎች በቀዶ ሕክምና ብቻ ከዳኑት ይልቅ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። የታመሙት ቁጥር ትንሽ ስለነበር አኃዙን እንደ ትክክለኛ ልኬት ሳይሆን እንደ አቅጣጫ ጠቋሚ መውሰድ ይሻላል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮል መጨመር፣ የሆድ ውፍረት ከሌላው ሰው ቀደም ብለው ይመጣሉ። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን የነበረ፣ «ጤነኛ ነኝ» የሚል ሰው ግፊቱን የሚለካበት ምክንያት አይታየውም። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነማ በእሳት ላይ ጋዝ ነው።

ሁለተኛው ዝምተኛ ጉዳት የወንድ ሆርሞን ማነስ ነው። አንዱ የዘር ፍሬ ቢወጣም የቀረው አንዱ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ይህ ለታካሚ ሊነገር የሚገባ መልካም ዜና ነው። ሆኖም ሁልጊዜ አይበቃም። የመስማት ጉድለቱን ያጠናው ያው ቡድን በሌላ ውጤቱ በኬሞ ከዳኑት ውስጥ 38 በመቶ በሚሆኑት የቴስቶስትሮን መጠኑ ዝቅ ያለ ወይም ምትኩን እየወሰዱ ያሉ ሆነው አግኝቷቸዋል። ምልክቱ ደግሞ በሌላ ስም የሚጠራ ነው። ድካም ነው፤ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይባላል። የስሜት መቀዝቀዝ ነው፤ «ሚስቱን ጠላ» ይባላል። ንዴት፣ መከፋት፣ የጡንቻ መሟሸሽ፣ የሆድ መጨመር ነው፤ «ዕድሜ ነው» ይባላል። ሆርሞኑ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ሲል አጥንትም ይሳሳል። ይህ ሁሉ በጠዋት በሚወሰድ የደም ምርመራ ይታወቃል፤ መድኃኒትም አለው። ስንት ትዳር ሊለካ በሚችል ነገር እንደተናጋ ማን ይቆጥራል? ስንፈተ ወሲብ በእኛ አገር በሹክሹክታ እንኳ የሚነገር ነገር አይደለምና ሰውየው ሐኪም ቤት ከመሄድ ይልቅ ጓዳ ለጓዳ የሚሸጥ ሥር ፍለጋ ይሄዳል። ስለ ቆለጥ ማውራት ያፈረ ሰው በዕጢው ጊዜ ዘግይቶ ነበር፤ አሁንም በሆርሞኑ ይዘገያል።

ልጅ የመውለድ ነገር ላይ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተሻለ ዜና አለ። በ2005 የወጣ የኖርዌይ ጥናት፣ ከሕክምና በኋላ ልጅ ለመውለድ ከሞከሩት ወንዶች ውስጥ በ15 ዓመት ጊዜ 71 በመቶው ቀድሞ የተቀመጠ ዘር ሳይጠቀሙ መውለዳቸውን አሳይቷል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው 92 በመቶው፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ሲስፕላቲን ከወሰዱት ግን 48 በመቶው። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ርቀት ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት መነገር ያለበት ነው። ከሆድ ጀርባ ያሉ ንፍፊቶችን የማውጣት ቀዶ ሕክምናም ነርቭ ከነካ ዘር ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሊያደርግ ይችላል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊ ወጣት ቅዠት መሆኑ ቀርቷል። የካንሰር ክፍሉ «ከመጀመራችን በፊት ስለ ልጅ አስበሃል?» ብሎ ካልጠየቀ ግን የትኛውም ማዕከል አይረዳውም። ሃያ ሁለት ዓመቱ የሆነ፣ ያላገባ፣ ሞት የፈራ ልጅ ራሱ አንሥቶ ሊጠይቅ አይችልም።

ሌላ ካንሰርም አለ። በ2005 ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ 14 የካንሰር መዝገቦች ከ40 ሺህ በላይ የዳኑ ወንዶችን የመረመረ ሥራ፣ በ35 ዓመታቸው ታመው አሥር ዓመት የኖሩት በሌላ ዓይነት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ እጥፍ ገደማ መሆኑን አመልክቷል። ያ ዘመን ጨረር በብዛት የሚሰጥበት ነበር፤ ዛሬ ቀንሷል። በ2021 የወጣ የኖርዌይ ጥናት ደግሞ 5,707 ወንዶችን ተከታትሎ፣ ከዚህ ካንሰር ውጪ ባሉ ምክንያቶች የመሞት ዕድላቸው ከአገሬው ሕዝብ በ23 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳየ፤ ዋናው ምክንያትም ሁለተኛ ካንሰር ነበር።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ ኬሞ ይቅርብኝ» የሚል ሰው ስሌቱን ገልብጦታል። ያልታከመው በሃያ ስድስት ዓመቱ ይሞታል፤ የታከመው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሊመጣ የሚችል የልብ ሕመም ያሳስበዋል። ሁለቱ ለውድድር የሚቀርቡ አይደሉም። ነገር ግን «ተርፈሃል፤ ተመስገን በል» ብሎ አፍ ማስያዝም ሕክምና አይደለም። ተመስገን ማለትና ግፊት መለካት አይጣሉም።

ክትትል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ውድ ማሽን ነው። እዚህ ላይ የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ያሳዩት ተቃራኒውን ነው ማለት ይቻላል። በብሪታንያ በተካሄደና በ2022 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ሴሚኖማ በተባለው ዓይነት በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ተይዘው ዕጢው የወጣላቸው 669 ወንዶች በክትትል ጊዜያቸው ገሚሱ ሰባት ጊዜ፣ ገሚሱ ሦስት ጊዜ ብቻ ተነሥተው ነበር፤ ከሲቲ ስካን ይልቅ ጨረር በሌለው ኤምአርአይ የታዩም ነበሩ። ሦስት ጊዜ መነሣትም ሆነ ኤምአርአዩ ከተለመደው አላነሰም። ማለትም ማሽኑን መቀነስ ተቻለ፤ ወጣቱም ከብዙ ጨረር ዳነ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ የደም ግፊት መለኪያ፣ የደም ምርመራ፣ ሚዛን፣ በወር አንድ ጊዜ ገላ ሲታጠቡ የቀረውን አንዱን የዘር ፍሬ በጣት መፈተሽ (ከመቶው ከሁለት እስከ አምስት በሚሆኑት ላይ ዕጢ በሌላውም ወገን ይመጣልና) እና «እንቅልፍህስ? መንፈስህስ?» የሚል አንድ ጥያቄ ነው። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ከዳኑት አምስት ወንዶች አንዱ ገደማ ለሕመም የሚበቃ ጭንቀት እንዳለበት የኖርዌይ ጥናት አሳይቷል።

በኢትዮጵያ «በሽታው እኛ ዘንድ ብዙ አይደለም» የሚል መልስ ይሰጣል። እውነት ነው፤ በአፍሪካ ከሰሜን አውሮፓ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሲስፕላቲን ግን ለዚህ በሽታ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። የማኅፀን በር ካንሰር የያዛት እናት ከጨረር ጋር የምትወስደው ይህንኑ ነው። የጆሮውም፣ የኩላሊቱም፣ የጣቱም ጣጣ ለእሷም ያው ነው። ስለ ጥቂት ወጣት ወንዶች የሚሠራ ሥርዓት ለብዙዎች ይተርፋል።

ሁለተኛው መልስ ጠንከር ያለ ነው፤ «ሐኪሙ ለታመመው አልደረሰም፣ ጨረር ለማግኘት ወረፋው ወራት ነው፣ እናንተ ስለዳነው ታወራላችሁ?» ይላል። ይህ አባባል ክብደት አለው፤ አልጋ የጠበበበት ሐኪም ሲናገረው ደግሞ ይበልጥ። መልሱ የዳነውን ሰው ወደ ካንሰር ክፍሉ መመለስ አያስፈልግም የሚል ነው። እንዲያውም መመለስ የለበትም። ሰውየው ጎጃም ከሆነ ጎጃም፣ አርሲ ከሆነ አርሲ፣ ቤቱ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ በዓመት አንድ ቀን መታየት ይችላል፤ ባለሙያው ምን እንደሚፈልግ የሚነግረው ወረቀት ካለው።

ደግሞም ኢትዮጵያ የረጅም ጊዜ ክትትል የማታውቅ አገር አይደለችም። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 በነፃ መሰጠት ሲጀምር «ገበሬ መድኃኒቱን በሰዓቱ አይወስድም፣ ቀጠሮ አያከብርም» የሚሉ ነበሩ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ለዚሁ የተለየ ክፍል፣ መዝገብ፣ ቀጠሮ ያሳለፈውን በስልክም በአካልም የሚፈልግ ሠራተኛ አለ። ከሌላ ከተማ ሲመጣ የሚይዘው የዝውውር ወረቀት አለ። ሰው ከበሽታ ጋር ሃያ ዓመት እንዴት እንደሚከታተሉት የሚያውቅ ጤና ጣቢያ፣ ከበሽታ የዳነውን በዓመት አንድ ጊዜ መከታተል አያቅተውም። የጎደለው ትእዛዙና ወረቀቱ ነው።

ወረቀቱ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። የበሽታው ዓይነትና ደረጃ፣ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቀን፣ የመድኃኒቶቹ ስም፣ ስንት ዙር እንደተሰጠ፣ የሲስፕላቲኑና የብሊዮማይሲኑ ጠቅላላ መጠን፣ ጨረር ከተሰጠ የት እንደተሰጠ። ከሥሩ ደግሞ ለማንኛውም ባለሙያ የሚሆን ሦስት አራት መስመር፤ ጆሮና ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ስትሰጡ ተጠንቀቁ፣ ሰመመን ስትሰጡ ብሊዮማይሲን መውሰዱን እወቁ፣ በየዓመቱ ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ እንደ ሁኔታው የጠዋት ቴስቶስትሮን እዩ። በጀርባው ያው ነገር ለባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ። የመጨረሻው ዙር ባለቀ ቀን ነርሷ ወይም ሐኪሙ የሚሞላው፣ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ፎቶ ተነሥቶ ስልክ ላይ ቢቀመጥ አይጠፋም።

ስደተኛውን ማሰብም ያስፈልጋል። የሠላሳ ዓመት ወጣት በአንድ ከተማ አይቀመጥም። አዲስ አበባ ታክሞ ዋሽንግተን የሄደው፣ ወይም ሪያድ ሳለ ታክሞ አገሩ የገባው፣ አዲሱ ሐኪም «ሦስት ዙር ነው ወይስ አራት?» ሲለው «አራት ይመስለኛል» ይላል። በሦስትና በአራት መካከል ያለው ልዩነት የጆሮም፣ የሳንባም፣ ልጅ የመውለድም ልዩነት ነው። በግምት የሚሞላ ቅጽ ደግሞ ባይሞላ ይሻላል።

ከዓመታት በፊት የታከመና ምንም ወረቀት በእጁ የሌለ ሰው፣ የታከመበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሄዶ የሕክምና ማጠቃለያ መጠየቅ መብቱ ነው። የካርድ ቁጥሩ ከጠፋ የታከመበትን ዓመትና ሙሉ ስሙን ይዞ መሄድ ይችላል፤ ከቀዶ ሕክምናው የወጣው ናሙና ውጤትም በፓቶሎጂ ክፍሉ መዝገብ ሊገኝ ይችላል። ያም ካልተገኘ ግፊቱን ነገ ጠዋት ይለካ፤ ከዚያም መርፌ ወይም ሰመመን ሊሰጠው ለሚመጣ ባለሙያ ሁሉ፣ ሳይጠየቅ፣ «ሲስፕላቲን ወስጃለሁ» ይበል።